ከሳሽ ብረት ፋብሪካ፣ ተከሳሽ ሚኒስትሩ፦ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንቱን በምን ይይዘዋል?

ጥያቄ፦ «ቨርጂኒያ ከአባቴ ጋር ነው የምኖረው። ዜና ባየን ቁጥር በአንድ ነገር እንከራከራለን። አባቴ ‹ሕዝብ የመረጠውን መሪ ማንም ያልመረጠው አንድ ዳኛ ተነስቶ አቁም የሚለው ምን ዓይነት መንግሥት ነው?› ይላሉ። እኔ ‹ሕገ መንግሥቱ ነዋ› ስላቸው ‹የቱ አንቀጽ?› ይሉኛል፤ መልስ የለኝም። ደግሞስ ፕሬዚዳንቱ እምቢ ቢል ጦሩም ፖሊሱም በእጁ ነው፤ ዳኛው በምን ያስገድደዋል? ቢያስረዱን።»

መልስ፦

ለአባትዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። «የቱ አንቀጽ?» ብለው ልጃቸውን ማፋጠጣቸው ደስ ብሎኛል፤ ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሁለታችሁም እንደ እውነት ይዛችሁ የምትከራከሩበትን አንድ ነገር ላንሳ። ዳኛው ፕሬዚዳንቱን «አቁም» አይለውም። በሚቀጥለው ጊዜ «ዳኛ ፕሬዚዳንቱን አገደ» የሚል ዜና ስትሰሙ ወረቀቱን ራሱን ፈልጋችሁ እዩት። «ታግደዋል» ከሚለው ቃል አጠገብ የሚገኘው ስም አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሚኒስትር ወይም የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው፤ ቀጥሎም «በሥራቸው ያሉ ሠራተኞችና ወኪሎች» ይላል።

እኛ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እንል የለ? አሜሪካኖቹ የተረቱን ግማሽ ተቀብለውታል። በ1867 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የሚሲሲፒ ግዛት፣ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የወጡትን ሕጎች እንዳያስፈጽሙ ይታገዱልኝ ብላ ከሰሰች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንቱን በሹመት ሥራው ላይ አላግድም ብሎ መለሳት። ንጉሡ ግን ብቻውን ቪዛ አይመታም፣ ድንበር አይጠብቅም፣ ፋብሪካ አይወርስም። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሹሙ ነው፤ ሹም ደግሞ ይከሰሳል።

ይህ ዝም ብሎ የወረቀት ብልሃት እንዳይመስላችሁ የ1952ቱን የብረት ፋብሪካዎች ጉዳይ ጠጋ ብለን እንየው። አሜሪካ ኮሪያ ውስጥ እየተዋጋች ነው፤ የእኛም ቃኘው ሻለቃ እዚያው ግንባር ላይ ነበር። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የብረት ሠራተኞች ደመወዝ ይጨመርልን ብለው ለኤፕሪል 9 የሥራ ማቆም አድማ ጠርተዋል። ባለ ፋብሪካዎቹ ደግሞ የብረት ዋጋ ካልተጨመረልን ደመወዝ አንጨምርም ብለዋል። ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በዋዜማው ማታ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ቀርበው ፋብሪካዎቹን መንግሥት ይረከባቸዋል አሉ። ትእዛዙን የጻፉት ለንግድ ሚኒስትሩ ለቻርልስ ሶየር ነው። ሥራ አስኪያጆቹ እዚያው ወንበራቸው ላይ ይቀጥሉ፣ የሚያዟቸው ግን ሚኒስትሩ ይሁኑ ተባለ።

የኩባንያዎቹ ጠበቆች እስኪነጋ አልጠበቁም። በዚያው ሌሊት የአንድ የፌዴራል ዳኛ ቤት አንኳኩ። በማግስቱ ጉዳዩን የሰሙት ሌላ ዳኛ ግን ጊዜያዊ እግዱን ከለከሏቸው። ምክንያታቸው የአባትዎን ክርክር ይመስላል፦ በወረቀት የተከሰሱት ሶየር ቢሆኑም፣ እሳቸውን ማገድ በተግባር ፕሬዚዳንቱን ማገድ ነው አሉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መዝገቡ ዳኛ ዴቪድ ፓይን ዘንድ ደረሰ። የመንግሥቱ ጠበቃ ሆልምስ ባልድሪጅ ተነስተው የተከራከሩትን ዛሬም ሳነበው ይገርመኛል። የፕሬዚዳንቱን ሥልጣን የሚገድቡት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ አንደኛው የምርጫ ኮሮጆ፣ ሁለተኛው በኮንግረስ ተከስሶ ከሥልጣን መነሳት፤ አሉ። ዳኛው ደጋግመው ጠየቋቸው፦ ሕገ መንግሥቱ የኮንግረስንና የፍርድ ቤቶችን ሥልጣን ሲገድብ የአስፈጻሚውን ሳይገድብ ተወው ማለትዎ ነው? ጠበቃው አዎን፣ እኛ የምናነበው እንደዚያ ነው አሉ። ነገሩ በጋዜጣ ወጣ፣ አገሩ ተንጫጫ፤ ትሩማን ራሳቸው ሥልጣኔ ገደብ አለው ብለው ማስተባበል ግድ ሆነባቸው። ችሎት ላይ ያልተጠየቁትን ሁሉ የሚመልስ ጠበቃ ደንበኛውን እንዴት እንደሚጎዳ ለወጣት ጠበቆች ስናገር ምሳሌዬ ይህ ነው።

ፓይን ኤፕሪል 29 ሶየርን አገዱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁን 2 ቀን በ6 ለ3 ድምፅ አጸናው። ብያኔውን የጻፉት ዳኛ ሁጎ ብላክ ናቸው፤ የሐሳባቸው ጭብጥ አጭር ነው፦ የሰው ንብረት በምን ሁኔታ እንደሚወረስ የሚወስን ሕግ ነው፤ ሕግ የሚያወጣው ኮንግረስ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ ሕግ አስፈጻሚ እንጂ ሕግ አውጪ አይደለም። ኮንግረስ በ1947 አድማን ለ80 ቀናት ማዘግየት የሚያስችል ሕግ አውጥቶ ነበር። ትሩማን ያንን ሕግ አይወዱትም፤ ሲወጣም አልፈርምም ብለው ኮንግረሱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው ያለፋቸው። ስለዚህ የተዘጋጀላቸውን መንገድ ትተው በራሳቸው መንገድ ሄዱ።

ትሩማን ምን አደረጉ? በዚያው ዕለት ፋብሪካዎቹ ለባለቤቶቻቸው ይመለሱ ብለው ሶየርን አዘዙ። ሠራተኞቹ አድማ ወጡ፤ አድማውም ከ50 ቀናት በላይ ቆየ። ጦርነት ላይ ያለ አገር፣ ጦሩን የሚያዝ ፕሬዚዳንት፣ አንድ ጥይት ሳይተኮስ ብረቱን መለሰ። በኋላ ብላክ ፕሬዚዳንቱንና የፍርድ ቤቱን ዳኞች ቤታቸው ጋበዙ፤ የሥራ ባልደረባቸው ዳኛ ዳግላስ እንደተረኩት፣ ትሩማን መጀመሪያ ላይ ፊታቸው ጠቁሮ ቆይቶ መጠጡ ሲቀርብ ፍርድዎን ባልወደውም ውስኪዎ ጥሩ ነው አሏቸው ይባላል።

አሁን ወደ «ማንም ያልመረጠው» እንምጣ። የፌዴራል ዳኛ የሚታጨው በፕሬዚዳንቱ ነው፣ የሚያጸድቀው ሴኔቱ ነው። ከተሾመ በኋላ ምግባሩ እስካልተበላሸ ድረስ ዕድሜ ልኩን ይቀመጣል፤ ደመወዙም አይቀነስበትም። ይህ በሦስተኛው አንቀጽ የተጻፈ ነው። ሐሳቡ የሾመህ ሰው ነገ ሊያወርድህ አይችልምና ፊቱን ሳትፈራ ፍረድ ነው። በ1952 ከዘጠኙ ዳኞች አራቱን የሾሙት ራሳቸው ትሩማን ነበሩ፤ የቀሩትን አምስቱን የእሳቸው ፓርቲ ሰው ሩዝቬልት። ከትሩማን አራት ሹመኞች ሁለቱ ፈረዱባቸው። በ1974 ሪቻርድ ኒክሰን የቤተ መንግሥታቸውን የድምፅ ቅጂዎች አላስረክብም ሲሉ 8 ለ0 ተፈረደባቸው፤ ከስምንቱ ሦስቱን የሾሙት እሳቸው ናቸው። ቅጂዎቹን አስረከቡ፣ በ16ኛው ቀን ሥልጣን ለቀቁ። በዲሴምበር 2020 የቴክሳስ ግዛት የአራት ሌሎች ግዛቶች የምርጫ ውጤት እንዲታገድ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስታመለክት፣ ዶናልድ ትራምፕ የሾሟቸው ሦስት ዳኞች ባሉበት አቤቱታዋ ተቀባይነት አጣ።

ይህን ስል ሹመት ለውጥ አያመጣም ማለቴ አይደለም። ያመጣል። ሴኔቱ አንድ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ወንበር ሲለቀቅ ያን ያህል የሚነካከሰው ለምን ሆነና።

«የቱ አንቀጽ?» ላሉት፣ ለአባትዎ እንዲህ ይበሏቸው፦ ፍርድ ቤት ሕገ መንግሥትን የሚጥስ ሕግ መሻር ይችላል የሚል አንቀጽ የለም። የዳኝነት ሥልጣን ለፍርድ ቤቶች ነው ይላል፣ ሕገ መንግሥቱ የአገሪቱ የበላይ ሕግ ነው ይላል፣ ፕሬዚዳንቱ ሕጎች በታማኝነት መፈጸማቸውን ይከታተላል ይላል። የቀረውን በ1803 ዋና ዳኛ ጆን ማርሻል ከእነዚህ ቃላት አወጡት። አወጣጣቸው የድመት ያህል ጥንቃቄ ነበረው። ዊልያም ማርበሪ የሚባል ሰው የሹመት ደብዳቤዬ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተደርጎበት፣ ሳይደርሰኝ ቀረ ብሎ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩን ጄምስ ማዲሰንን ከሰሰ። እዚህም ልብ በሉ፣ የተከሰሰው ሚኒስትሩ ነው። ማርሻል ለማዲሰን «ስጠው» ብለው ቢያዙ ፕሬዚዳንት ጄፈርሰን እንደማይሰሟቸው ያውቃሉ። ስለዚህ ሰውዬው መብት አለው፣ ሚኒስትርም ከሕግ በላይ አይደለም፤ ነገር ግን ይህን ክስ በቀጥታ እኛ ዘንድ አቅርቡ የሚለው የኮንግረስ ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጣረሳልና ውድቅ ነው፣ መዝገቡ ተዘግቷል አሉ። ጄፈርሰን የሚጥሱት ትእዛዝ አጡ፤ ፍርድ ቤቱ ደግሞ ሕግ የመሻር ሥልጣኑን ይዞ ወጣ። (ያንን ደብዳቤ ሳያደርሱ የቀሩት ደግሞ ቀደም ሲል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ራሳቸው ማርሻል ነበሩ! ዛሬ ቢሆን ከችሎቱ ይነሱ በተባሉ ነበር።)

አዲስ አበባ ሕግ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። በእኛ አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት፣ ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው ብሎ በግልጽ አስቀምጧል፤ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤው ሐሳብ ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ይወስናል። እዚህ አሜሪካ ግን የአንድ ወረዳ ፍርድ ቤት (የመጀመሪያ ደረጃ የፌዴራል ፍርድ ቤት ማለት ነው) ዳኛም በፊቱ ባለ ጉዳይ እስካለ ድረስ ሕገ መንግሥቱን ይተረጉማል።

የአባትዎ ቅሬታ እውነት ያለው ይህችኛዋ ላይ ነው። በአገሪቱ 94 የፌዴራል ወረዳ ፍርድ ቤቶች አሉ። በጃንዋሪ 2017 ትራምፕ የሰባት አገሮች ዜጎች እንዳይገቡ ሲያዙ (ሶማሊያና ሱዳን ከሰባቱ ውስጥ ነበሩ) አንድ የሲያትል ዳኛ በሳምንቱ ለመላው አገር አገዱት። ከዚያ በፊት በኦባማ ዘመን አንድ የቴክሳስ ዳኛ የኦባማን የስደተኞች መርሐ ግብር እንዲሁ ለመላው አገር አግደው ነበር። ከሳሽ የሚመቸውን ዳኛ መርጦ ያንን ከተማ ይፈልጋል፤ መንግሥት በ93 ቦታ ቢያሸንፍ በአንዱ መሸነፉ ይበቃል። ይሄ ነገር ልክ አይደለም ብለን ከሁለቱም ወገን የተናገርን ጠበቆች ነበርን። በጁን 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 ድምፅ የወረዳ ዳኞች ከፊታቸው ከቆሙት ከሳሾች አልፎ ለሁሉም ሰው የሚሠራ እግድ የመስጠት ሥልጣን የላቸውም ሲል ወሰነ። በሩ ግን ጨርሶ አልተዘጋም፤ ብዙ ሰዎችን ወክሎ በአንድነት የሚቀርብ ክስ አሁንም አለ፣ ጠበቆችም ወዲያው ወደዚያ ዞረዋል።

ያ የ2017 ትእዛዝ ምን እንደሆነ ደግሞ አስታውሱ። ታገደ፤ መንግሥት አሻሽሎ ሁለተኛ አወጣ፤ ያም ታገደ፤ ሦስተኛ አወጣ፤ ሦስተኛውን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2018 በ5 ለ4 አጸናው። ፕሬዚዳንቱ በመጨረሻ የሚፈልገውን አገኘ፤ በመሐል ግን ዝርዝሩ ተቀየረ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ከእገዳው ወጡ። ብዙ ጊዜ የፍርድ ቤት ሥራ ይህን ይመስላል።

ደግሞም አብዛኛው መዝገብ የሁለት ሰዎች ጠብ አይደለም። ሦስተኛ ሰው አለ፣ ኮንግረስ። ዳኛ ሮበርት ጃክሰን በዚያ በብረቱ ጉዳይ ለብቻቸው የጻፉትን ዛሬም ሁላችንም እንጠቅሰዋለን፦ ፕሬዚዳንቱ ኮንግረስ ፈቅዶለት ሲሠራ ሥልጣኑ ከሁሉ የበረታ ነው፤ ኮንግረስ ዝም ባለበት ሲሠራ ድንበሩ ይደበዝዛል፤ ኮንግረስ አታድርግ ያለውን ሲያደርግ ግን ከሁሉ የደከመ ነው። ጆ ባይደን በ2022 የተማሪዎች ዕዳ ሊሰርዙ ሲነሱ የገጠማቸው ይኸው ነበር። ወደ 400 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ዕዳ ለመሰረዝ የጠቀሱት ሕግ ይህን ያህል አይፈቅድም ተብሎ በጁን 2023 በ6 ለ3 ተረቱ። ባይደን ፍርዱን ተቹ፣ ግን አክብረው ሌላ ሕግ ፍለጋ ሄዱ።

እምቢ ቢልስ?

መጀመሪያ አንድ የፌስቡክ ወሬ እናጥፋ። አንድሩ ጃክሰን በ1832 «ማርሻል ፈርዷል፣ እንግዲህ ራሱ ያስፈጽመው» አሉ እየተባለ ይጠቀሳል። ብለውታል የሚል አስተማማኝ ማስረጃ የለም። ፍርዱም የተፈረደው በእሳቸው ላይ ሳይሆን በጆርጂያ ግዛት ላይ ነበር፤ ይታዘዙት የነበረ ትእዛዝ አልነበረም። እውነተኛው እምቢታ የሊንከን ነው። በሜይ 1861 ባልቲሞር አካባቢ ወታደሮች አንድ ሰው ያስራሉ፤ ዋና ዳኛው ሮጀር ቶኒ አካልን ነጻ የማውጣት ትእዛዝ ጽፈው ሰውዬው ይቅረብ አሉ። አዛዡ አላቀርብም አለ። ዳኛው አዛዡ ችሎት ደፍሯልና ይቅረብ ብለው ማርሻል (የፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚያስፈጽም የፌዴራል መኮንን) ላኩ፤ ማርሻሉ ምሽጉ በር ላይ ቆሞ አታልፍም ተባለና ተመለሰ። ቶኒ ያላቸው ብዕር ብቻ ነበር፤ ፍርዳቸውን ጽፈው ለሊንከን ላኩ። ሊንከን ለኮንግረሱ ሁሉም ሕጎች ተጥሰው አንዱ ብቻ ቢከበር ምን ይጠቅማል ሲሉ ጠየቁ። ኮንግረሱ ከሁለት ዓመት በኋላ እንዲህ ያለውን አካልን ነጻ የማውጣት ትእዛዝ የማገድ ሥልጣን በሕግ ሰጣቸው።

ስለዚህ ሊሆን አይችልም አልልዎትም። የዳኛውን ትእዛዝ የሚያስፈጽሙት ማርሻሎች ራሳቸው በፍትሕ ሚኒስቴር፣ ማለትም በፕሬዚዳንቱ ሥር ናቸው። በ1957 በሊትል ሮክ የአርካንሳው ገዥ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች ወደ ትምህርት ቤት እንዳይገቡ ወታደር ሲያቆሙ፣ የፍርድ ቤቱን ቃል መሬት ያስያዘው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የላኩት የ101ኛ አየር ወለድ ክፍለ ጦር ነው። ባይልኩ ኖሮ? ችሎት የደፈረን ባለሥልጣን ዳኛ ሊቀጣ ይችላል፤ የወንጀል ቅጣት ከሆነ ግን ፕሬዚዳንቱ ምሕረት ሊያደርግ ይችላል። የአሪዞናው ሸሪፍ ጆ አርፓዮ በ2017 ልክ እንደዚያ ነው ያመለጡት። ፕሬዚዳንቱ ራሱም በ2024ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ መሠረት ከሹመቱ ዋና ሥልጣን በሚመነጭ ሥራው በወንጀል ፈጽሞ አይጠየቅም። አባትዎ ይህን ሲሰሙ «አላልኩሽም?» ይላሉ፤ ይበሉ።

ታዲያ በዕለት ተዕለት ማን ያስገድዳል? ድሮ በአገራችን አንድ ሰው «በሕግ አምላክ!» ተብሎ ሲጠራ ይቆም ነበር፤ ጠሪው ዱላ መያዙን ዞሮ አያይም። እዚህም የሚሠራው ለዚያ የቀረበ ነገር ነው፣ ግን ወረቀትና ቀጠሮ አለው። ችሎት ውስጥ ያየሁትን ልንገርዎት። ዳኛዋ እግዱን ከሰጡ በኋላ «ተፈጽሟል?» ብለው የመንግሥቱን ጠበቃ ይጠይቃሉ። ወጣት ነው፤ ከመሥሪያ ቤቱ የተነገረው ነገር የለም። «እስከ ዓርብ 11 ሰዓት ምን እንደተደረገ፣ ማን እንዳደረገው፣ በስሙ እየተፈረመ ይቅረብልኝ» ይላሉ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነገሩ ፕሬዚዳንቱን አልፎ አንድ ስም ያለው ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል። ጠበቃው ቢዋሽ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል፤ ሠራተኛው በመሐላ የፈረመው ውሸት ቢሆን ራሱ ይጠየቃል። ብዙዎቹ ይህን ስለሚፈሩ ብቻ ሳይሆን ሲቀጠሩ የማሉት ለሕገ መንግሥቱ ስለሆነ ይፈጽማሉ። በግልጽ እምቢ የሚል እምብዛም አላየሁም። ያየሁት መጎተት ነው፤ «ሥርዓቱ እየተስተካከለ ነው»፣ «ሠራተኛ የለንም»፣ «ትእዛዙ ግልጽ አይደለም»። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ዲቪን ላንሳና ልጨርስ፤ የሁሉም ነገር ድርሻ እዚያ ይታያል። በኤፕሪል 2020 ትራምፕ ብዙ ስደተኞች ለጊዜው እንዳይገቡ አወጁ፤ በጁን አራዘሙት። የዲቪ ዕጣ ዓመቱ የሚያልቀው ሴፕቴምበር 30 ነው። ዕጣ የወጣላቸው ሰዎች በቤተሰቦቻቸው በኩል ያን ሰሞን ስልኬን አያሳርፉትም ነበር። ጉዳዩ ዋሽንግተን ዳኛ አሚት መህታ ዘንድ ቀረበ። ዳኛው አዋጁን አልነኩትም። ሕጉ ለፕሬዚዳንቱ የሰጠው መግባትን የመከልከል ሥልጣን ነው፤ ቪዛ መስጠትን ማቆም ግን ሌላ ነገር ነው፣ መሥሪያ ቤቱ ያን ያደረገው ያለ ሥልጣኑ ነው አሉ። ፈጥናችሁ አስተናግዱ ብለው አዘዙ፤ ቀኑ ሲያልቅም ከ9,000 በላይ ቪዛዎች ተይዘው እንዲቆዩ አደረጉ። ሰዉ እልል አለ።

በጁን 2024 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሻረው። ኮንግረስ ዕጣው የሚጸናው እስከ በጀት ዓመቱ መጨረሻ ነው ብሎ ጽፏል፤ ያንን ቀን ዳኛም ማራዘም አይችልም አለ። በዚያን ጊዜ አዋጁም ከተሻረ ቆይቷል፣ ፕሬዚዳንቱም ሌላ ሰው ነበሩ። ከሚደውሉልኝ አንዱ እስካሁን የዕጣ ቁጥሩን በቃሉ ይዞታል። «ዳኛው ፈርዶልን አልነበር?» ይለኛል። ፈርዶላችሁ ነበር እለዋለሁ፤ ቀኑን የጻፈው ግን ኮንግረስ ነው።